ያገለገለ ቢ ኤም ደብሊው 530ኢ፦ ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬቱን አስቡ

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ውድ ተመልካቾቻችን። ዛሬ የምናየው በጀርመን ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ላይ በብዛት ስለሚገኘው፣ የብዙ ወገኖቻችንንም ዓይን ስለሳበው ቢ ኤም ደብሊው 530ኢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ የቀረበው ይህ መኪና የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አብረው የሚሠሩበት፣ ከግድግዳ ሶኬትም ቻርጅ የሚደረግ ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ነው። መኪናው ጥሩ ነው። አስቀድሜ እናገራለሁ፣ መኪናው ጥሩ ነው። ነገር ግን ማታ የሚሰካበት ቦታ ለሌለው ሰው አልመክረውም፤ ምክንያቱን ከማዕድ ቤት ተነሥቼ ላስረዳችሁ።

በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ምጣድ አለ እንበል፤ አንዱ የኤሌክትሪክ፣ ሌላው የማገዶ። የቤቱ እመቤት መብራት ሲኖር በኤሌክትሪኩ ትጋግራለች፤ ጭስ የለም፣ ዓይን አይለበልብም። መብራት ሲጠፋ፣ ወይም ድግስ ደርሶ አንዱ ምጣድ አልበቃ ሲል፣ ማገዶውን ታቀጣጥላለች። ሁለቱን ምጣዶች በማኖሯ ተጠቅማለች። አሁን ደግሞ ጎረቤቷን አስቡ። እርሷም ሁለት ምጣድ አላት፤ የኤሌክትሪኩን ግን አንድ ቀን ሰክታው አታውቅም። ዘወትር በማገዶ ትጋግራለች፤ ቤት በለወጠች ቁጥር ደግሞ ያንን ከባድ ምጣድ ታሸክማለች። 530ኢን ገዝቶ የማይሰካ ሰው የሚመስለው ይህችን ጎረቤት ነው፤ መኪናው ከቤንዚን ብቻ ከሚጠቀመው 530አይ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚከብድ፣ ያንን ሸክም በየቀኑ በቤንዚን ይጎትታል።

ምጣዱን ያነሣሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ። 530ኢ ቻርጅ ሲደረግ ቢበዛ 3.7 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ይህም አዲስ አበባ ውስጥ በየቤቱ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ባትሪውን መሙላት አንድን ምጣድ ለሦስት ሰዓት ያህል እንደ ማጋል ነው። ማሟሻም አለ። ምጣዱ በደንብ ሳይግል የሚጋገረው የመጀመሪያው እንጀራ ሊጥም ማገዶም ይወስዳል፣ ለክብር እንግዳ ግን አይቀርብም። የቤንዚን ሞተርም እንዲሁ ነው፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሣ ነዳጅ ያበዛል፣ ዘይቱም ገና አልሞቀም። በ530ኢ ላይ ደግሞ ባትሪው በአውቶባን፣ በፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ መሐል ሲያልቅ፣ እስከዚያ ተኝቶ የቆየው ሞተር ሳይሞቅ ከባድ ሥራ ውስጥ ይገባል። በአጭር በአጭር ጉዞ ያረጀ መኪና ሞተሩ ዕድሜውን በማሟሻ ጨርሶት ሊሆን ስለሚችል፣ ዘይቱ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በጊዜም መቀየሩን ከሰርቪስ መዝገቡ አረጋግጡ።

መሠረታዊውን ስለምታውቁት ቴክኒኩን በፍጥነት ልለፈው። ባለ 2.0 ሊትሩ ቱርቦ ሞተር 184፣ የኤሌክትሪኩ 113፣ ሁለቱ ተጣምረው 252 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር የተቀመጠው ባለ ስምንት ማርሹ ካምቢዮ ውስጥ ነው። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ሆኖ በመጀመሪያዎቹ መኪኖች 9.2፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 አጋማሽ በኋላ በተሠሩት 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። እርሱ ቦታውን ስለወሰደ የነዳጅ ታንከሩ 46 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ በሌሎቹ 530 ሊትር የሆነው የዕቃ ማስቀመጫም ወደ 410 ወርዷል። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው የኤሲው ጋዝ ስለሆነ፣ ኤሲው የደከመ መኪና አትግዙ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። «የቀድሞው ባለቤት አንድም ቀን ካልሰካው ባትሪው እንደ አዲስ ነው፤ ታዲያ እርሱን ብገዛ አይሻልም ወይ?» ትላላችሁ። አይሻልም። ጥያቄው ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2019 መጀመሪያ አንሥቶ ፕለግ ኢን ሃይብሪድ የድርጅት መኪና ለሚነዳ ሠራተኛ ግብሩ የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ግማሽ ላይ ሆነ፤ ሰካም አልሰካም ቅናሹን ያገኛል። ቤንዚኑን ድርጅቱ የሚከፍልለት ሰው ለመሰካት ምን ያስቸኩለዋል? በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደተዘገበው፣ ከኪራይ የተመለሱ አንዳንድ መኪኖች የቻርጅ ገመዳቸው ከነላስቲኩ ተገኝቷል። የጀርመኑ የፍራውንሆፈር የምርምር ተቋምና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናትም የእነዚህ መኪኖች እውነተኛ የነዳጅ ፍጆታ በወረቀት ከሰፈረው በአማካይ ከሁለት እስከ አራት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል።

ያ ያልተሰካ መኪና ባትሪው አላረፈም። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይሞላል፣ መኪናው በተነሣ ቁጥር ይሰጣል፤ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሳይነካም በጊዜ ብዛት ያረጃል። ከሁሉም በላይ ቆጣሪው ላይ ያለው ኪሎ ሜትር በአብዛኛው የቤንዚን ሞተሩ ልፋት ነው። ሁለት መኪኖች እኩል 120,000 ኪሎ ሜትር ቢያሳዩ፣ በየማታው የተሰካው መኪና ሞተር ከዚያ ውስጥ ብዙውን ተኝቶ አሳልፎታል። እኔ የምመርጠው ገመዱ የቆሸሸውን ነው።

ስለ መርሴዲስ ኢ300ዲኢ፣ ናፍጣን ከሶኬት ጋር ስላጣመረው መኪና፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ ስለምመጣ ያልተመዘገባችሁ ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጉ።

530ኢውን ልታዩ ስትሄዱ ሻጩ ማታውን ባትሪውን ሞልቶ፣ ሞተሩንም ሳያስነሣ እንዲጠብቃችሁ ጠይቁት። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚያስነዳውን «ማክስ ኢድራይቭ» የሚለውን መርጣችሁ ባትሪው እስኪያልቅ ንዱት፤ አሥር ደቂቃ ነድቶ መመለስ ምንም አይነግራችሁም። በወረቀት ላይ እስከ 50 ኪሎ ሜትር የተባለለት ባለ 9.2 ባትሪ መኪና በአሜሪካ ምዘና ያገኘው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በብርድ ጊዜ ማሞቂያው ራሱ ከባትሪው ስለሚወስድ ከዚያም ያንሳል። እግረ መንገዳችሁን የፍሬን ዲስኮቹን እዩ፤ መኪናው በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ሞተሩ ስለሚቆም ዲስኮቹ ሥራ አጥተው ይዝጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከጥር እስከ መስከረም ከተሠራ ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩን ለኩባንያው ሰርቪስ ስጡ። በዚያ ዓመት ባትሪው ሲመረት ባዕድ ነገር ገብቶበት እሳት ሊያስነሣ ይችላል በሚል ከ26,000 በላይ መኪኖች ለጥገና ተጠርተው ነበር፤ ባለቤቶቹም እስኪጠገን ቻርጅ እንዳያደርጉ ተነግሯቸዋል።

ወደ አገር ቤት ለመላክ ያሰባችሁም አላችሁ። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏ በጥር 2016 ዓ.ም. ተገልጿል፤ ይህ መኪና ደግሞ ሶኬት ቢኖረውም የቤንዚን ሞተር አለውና በዚያ ተስፋ አትግዙት።

ተከራይ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ ተከራይ በራሱ ወጪ በመኪና ማቆሚያው ላይ ቻርጀር ለማስተከል ከአከራዩ ፈቃድ የመጠየቅ ሕጋዊ መብት አለው። ስለዚህ ለአከራያችሁ ደብዳቤውን ጻፉ፤ ለመኪናው ሻጭ የምትደውሉት መልሱ በእጃችሁ ሲገባ ነው።