ጣት ሲጠቁም፣ አፍ ሲናገር፦ የኦንላይን ኮርስ ለሁሉም ተማሪ እንዲደርስ

[ስክሪኑ ጥቁር ነው። የሚሰማው የመምህር ድምፅ ብቻ ነው።]

መምህር፦ «እንደምታዩት እስከዚህ ድረስ ይወጣል። እዚህ ጋ ሲደርስ ግን እንደዚህ ይሆናል። ለምን ይመስላችኋል?»

[ጥቁሩ ይገለጣል። የውሃ ሙቀት ግራፍ ይታያል።]

ተራኪ፦ ስክሪኑ ጥቁር ሳለ ምን ገባችሁ? ምንም። መምህሩ ትምህርቱን ያውቀዋል፤ ግራፉም ጥሩ ነው። ግን ዋናው ቁም ነገር በጣት ተጠቆመ እንጂ በአፍ አልተነገረም። ማየት የተሳነው ተማሪ ይህን ኮርስ ሲከፍት የሚደርሰው እናንተ አሁን የሰማችሁትን ያህል ነው።

እስቲ ያንኑ ትምህርት እንደገና እንስማው።

[ስክሪኑ ይጠቁራል።]

መምህር፦ «የውሃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ተነስቶ 100 እስኪደርስ ይወጣል። ከ100 በኋላ ግን እሳቱ ባይቀነስም መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀጥላል። ለምን ይመስላችኋል?»

ተራኪ፦ አሁን ግራፉን ሳታዩ አገኛችሁት። አዲስ ሶፍትዌር አላስፈለገም። «ይሄ»፣ «ያ»፣ «እዚህ ጋ» ያልነውን ነገር በስሙ ጠራነው፣ በቃ።

ከመስፈርቱ ጋር የሚያስማማውም ይኸው ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መስፈርትን የሚያወጣው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየም ነው። የመጀመሪያው እትም በ1999 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ 2.2 የሚባለው ደግሞ በ2023። ሦስት ደረጃዎች አሉት። ብዙ ተቋማት የሚጠይቁት መካከለኛውን፣ ደብል ኤ የሚባለውን ነው። በዚህ ደረጃ የተቀረጸ ቪዲዮ በምስል ብቻ የሚያሳየውን አስፈላጊ ነገር በድምፅም መግለጽ አለበት። መምህሩ ሲቀረጽ ራሱ ከተናገረው ግን በኋላ ሌላ የማብራሪያ ድምፅ መጨመር አያስፈልግም። ስለዚህ ሥራው ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ቢጀመር እመርጣለሁ። ያለቀ ኮርስን መጠገን አድካሚ ነው።

[አሁን ድምፁ ይጠፋል። የመምህሩ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል።]

[ከሥር ጽሑፍ ይወጣል፦ «ከ100 በኋላ ሙቀቱ ይጨምራል።»]

ተራኪ፦ መምህሩ ያለው «አይጨምርም» ነበር። ጽሑፉን ያወጣው ማሽን ነው። መስማት የተሳናት ተማሪ ይህን አንብባ ፈተና ላይ ብትሳሳት ጥፋቱ የማን ነው? አውቶማቲክ ካፕሽን፣ ማለትም ማሽን ንግግሩን ሰምቶ ከቪዲዮው ሥር የሚያወጣው ጽሑፍ፣ ለመነሻ ይጠቅማል፤ ግን ትምህርቱን የሚያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያርመው ይገባል። ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር የሃርቫርድና የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲዎችን የኦንላይን ትምህርቶቻቸው ካፕሽን የላቸውም፣ ያላቸውም በስህተት የተሞሉ ናቸው ብሎ ከሰሰ። ሃርቫርድ በ2019፣ ኤምአይቲ በ2020 በስምምነት ጨረሱ፤ ትክክለኛ ካፕሽን ለማቅረብም ግዴታ ገቡ።

[የተቃኘ የመጽሐፍ ገጽ ይታያል።]

ስለ ጽሑፍ ባጭሩ። ፒዲኤፉን ክፈቱና አንድ ቃል በማውስ ለመምረጥ ሞክሩ። እምቢ ካለ ገጹ ፎቶ ነው ማለት ነው፤ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ እንደ ጽሑፍ አያገኘውም። ርዕሶችን ፊደል በማተለቅ ብቻ አትሥሩ፤ በርዕስ ስታይል ሥሯቸው። ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው ረጅም ገጽን የሚያስሰው ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ ነው። የፊደሉና የጀርባው ቀለም ንፅፅርም ለተለመደ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት። ነጭ ላይ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሲያምር አይቻለሁ፤ ግን ዓይኑ ለደከመ ሰው አይነበብም።

[የፈተና ገጽ። ጥግ ላይ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል።]

እዚህ ጋ ረጋ እንበል። ብዙ ኮርስ ቪዲዮው ላይ ደህና ሆኖ ፈተናው ላይ ይሰናከላል። ሳይማሩ መቅረት ያሳዝናል፤ ተምሮ መፈተን አለመቻል ግን ከዚያም ይብሳል።

ጥያቄው «ቃሉን ጎትተህ ቦታው ላይ አስቀምጥ» ይላል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ እንዴት ይጎትት? የመስፈርቱ 2.2 እትም፣ መጎተቱ ራሱ የግድ ካልሆነ በቀር፣ በመጎተት የሚሠራ ነገር ሁሉ ሳይጎተት፣ በመንካት ብቻም እንዲሠራ ይጠይቃል። በኪቦርድ መሥራት ደግሞ ከዚያ በፊትም ግዴታ ነበር። ሰዓቱም አለ። ገደቡ ራሱ የፈተናው ዋና አካል ካልሆነ በቀር ተማሪው ሊያጠፋው፣ ቢያንስ እስከ 10 እጥፍ ሊያስረዝመው ወይም ከማለቁ በፊት ማስጠንቀቂያ አግኝቶ በቀላሉ ሊያራዝመው ይገባል።

የራሳችሁን ፈተና አሁኑኑ ሞክሩት። ማውሱን ንቀሉ። ታብ እየተጫናችሁ ሂዱ። የት እንዳላችሁ የሚያሳይ ምልክት አለ? አንድ ሳጥን ውስጥ ገብታችሁ መውጣት አቃታችሁ? ቀጥሎ የስልካችሁን ስክሪን ሪደር አብሩ። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ይባላል፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ጥያቄ መልሱ።

ገጹ ተደራሽ መሆኑን የሚመረምሩ አውቶማቲክ መፈተሻ ፕሮግራሞችንም ተጠቀሙ፤ ግን ሁሉን ለእነሱ አትተዉ። መሣሪያው ምስሉ መግለጫ እንዳለው ያያል እንጂ መግለጫው እውነት ስለመሆኑ አያውቅም። ለውሃው ግራፍ «ምስል 3» ብላችሁ ብትጽፉ ሊያሳልፋችሁ ይችላል። ይህን የሚነግራችሁ ስክሪን ሪደርን በየቀኑ የሚጠቀም ሰው ነው። ኮርሱ ከመከፈቱ በፊት ጋብዙት፣ ለጊዜው ክፈሉት፣ ፈተናውን ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ «አስገባ» ድረስ ሲሠራ አጠገቡ ተቀመጡ። አትርዱት። የት እንደቆመ ብቻ መዝግቡ።

[የኪቦርድ ድምፅ። ታብ። ታብ። ታብ። ስክሪን ሪደሩ «አስገባ፣ ቁልፍ» ይላል።]