ልብ የላከውን ሆድ እንዳይበላው

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስትወርዱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ትደርሳላችሁ። እዚያ የልብ ድካም ያለበትን ሰው ካርዱን ሳታዩ ትለዩታላችሁ፤ ትራስ ደራርቦ ቁጭ እንዳለ ያድራል፤ እግሩን በአውራ ጣት ስትጫኑት ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም።

የደከመ ልብ ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ግድግዳው ሲወጠር ቢኤንፒ የተባለ ፔፕታይድ ያመነጫል፤ 32 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሰንሰለት ነው። ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ፣ የደም ሥርም እንዲላላ ያዛል። ይኸው ሰንሰለት በፋብሪካ ተሠርቶ፣ ኔሲሪታይድ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። የሚሰጠው ግን በደም ሥር ስለሆነ ታማሚው ከአልጋው ጋር ይታሰራል።

ኪኒን ብናደርገውስ? ሆድ ይህን መድኃኒት ከክትፎ ለይቶ አያውቀውም፤ ሁለቱንም ቆራርጦ ይፈጫቸዋል። ያመለጠውም ቢሆን በአንጀት ግድግዳ ለመሹለክ ይገዝፋል። ኬሚስቶች መላ ዘየዱ፤ በሰንሰለቱ ላይ ፖሊኢትሊን ግላይኮል ከተባለ ውህድ የተሠራ አጭር ጅራት ቀጠሉበት። ጅራቱ ሰንሰለቱን ከሚቆራርጡት ኢንዛይሞች ይከላከልለታል። የተቀጠለው በተሳሳተ ቦታ ከሆነ ግን ፔፕታይዱ ጨርቅ የተጠመጠመበት ቁልፍ ይሆናል፤ ትእዛዙን የሚቀበለው የሴሉ ቀዳዳ፣ ማለትም ተቀባዩ ውስጥ አይገባም። እንዲህ የተሻሻለ ቢኤንፒ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ ለጤነኛ ውሾች በአፍ ተሰጥቶ የደም ግፊታቸውን ቀንሷል።

ለመደሰት አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተፈቀደውን የስኳር ሕመም ኪኒን፣ ሴማግሉታይድን ተመልከቱ፤ እሱም ፔፕታይድ ነው፤ ከተዋጠው ውስጥ ወደ ደም የሚደርሰው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ያውም በባዶ ሆድ፣ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ተውጦ፣ ቡናው ግማሽ ሰዓት እየጠበቀ። (ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ለሚውሉ እናት ይህን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።) ሴማግሉታይድ ብክነቱን የሚችለው ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ ነው። የቢኤንፒ ዕድሜ ግን በደቂቃ ነው የሚቆጠረው።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከሆድ ጋር ከመታገላችሁ በፊት ዕድሜውን አስረዝሙለት እላለሁ። መንገዱ መቅናቱ ብቻም አይበቃም፤ ኔሲሪታይድ በቀጥታ ደም ሥር እየገባ እንኳ፣ ከ7,000 በላይ ታማሚዎች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት ሞትን አልቀነሰም።

ሳኩቢትሪል የተባለው የልብ ድካም መድኃኒት ዙሪያውን ዞሮ ነው የመጣው፤ ፔፕታይዱን ሳይተካ፣ የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ይይዛል። ከደም ግፊት መድኃኒቱ ከቫልሳርታን ጋር ሆኖ ጠዋትና ማታ ይዋጣል። ይህን የሚወስድ ሰው ቢኤንፒው ከፍ ብሎ ብታገኙት ልቡ ባሰበት ብላችሁ አትደንግጡ፤ ቢኤንፒ ሲሠራ ተቆርጦ የሚቀረውን፣ ይህ ኢንዛይም የማያፈርሰውን ቁራጭ፣ ኤንቲ ፕሮቢኤንፒን አስለኩ።