ደጋጋሚ ወንጀለኛ የሚባለው ማን ነው? አንቀጽ 67 ከጣና ዳር

ጤና ይስጥልን፣ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን። ዛሬ ከባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ሆነን የምናየው የወንጀል ሕጋችን ደጋጋሚ የሚለው ሰው ማን እንደሆነና ቅጣቱ እንዴት እንደሚከብድበት ነው።

ወደ ሕጉ ከመግባታችን በፊት ግን ከኋላዬ የቆመውን ታንኳ ተመልከቱልኝ። የተሠራው ከደንገል ነው። ዓሣ አጥማጁ ጧት ወደ ሐይቁ ሲያስገባው ቀላል ነው፤ ሲመለስ ግን ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ፣ ያው ታንኳ ከብዶ፣ ከጎንና ከጎኑ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ስለዚህ ዳር ላይ አቁሞ ፀሐይ ያስመታዋል። ሳይደርቅ መልሶ ካስገባው የትናንቱ ውኃ በዛሬው ላይ ይደመርና ታንኳው ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ደርቆ ከገባ ግን የትናንቱን ውኃ ማንም አይቆጥርበትም። ታንኳን ከእኔ በተሻለ የምታውቁ የሐይቁ ዳር ሰዎች፣ ደንገል ቢደርቅም እያደር መበስበሱ አይቀርም ብላችሁ እንደምታርሙኝ አውቃለሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ምሳሌው ግን እስከምንፈልገው ድረስ ያደርሰናል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 67 የማድረቂያውን ጊዜ አምስት ዓመት አድርጎታል። አንድ ሰው የእስራት ቅጣቱን በሙሉ ወይም በከፊል ከፈጸመ ወይም በይቅርታ ከተለቀቀ በኋላ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ ቢያንስ በስድስት ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ አዲስ ወንጀል አስቦ ከፈጸመ ደጋጋሚ ነው። በዚህ ጊዜ በአንቀጽ 188 መሠረት ፍርድ ቤቱ ለአዲሱ ወንጀል በተጻፈው ጣሪያ ሳይገታ ቅጣቱን ያከብዳል፤ ለቅጣቱ ዓይነት ከተደነገገው ጠቅላላ ጣሪያ ግን አያልፍም። ቀላል እስራት ቀለል ላሉ፣ ጽኑ እስራት ደግሞ ለከባድ ወንጀሎች የሚወሰን ነው፤ ቻናላችንን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ካላችሁም አሁን አድርጉልን።

አሁን ደግሞ ከእናንተ በተደጋጋሚ ወደሚደርሰን ጥያቄ እንለፍ፤ «ሦስተኛ ጊዜ የሰረቀ ሰው ዕድሜ ልክ ይታሰር የለም ወይ?» የሚል ነው። ወገኖቼ፣ ይህ ከአሜሪካ ፊልም የመጣ ሕግ ነው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ፣ ቀደም ሲል በሁለት ከባድ ወንጀሎች የተፈረደበት ሰው ሦስተኛ ከደገመ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ እንዲታሰር ያዝዝ ነበር። አንድ ሰው እያንዳንዳቸው 399 ዶላር የሚያወጡ ሦስት የጎልፍ ዱላዎችን በሱሪው እግር ውስጥ ደብቆ ሲወጣ ማነከሱ ሠራተኛውን አጠራጠረው፤ ሠራተኛው ፖሊስ ጠራ፤ ሰውየው ይኸው ቅጣት ተፈረደበት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 ቅጣቱን በአምስት ለአራት ድምፅ አጸናው። በ2012 የግዛቷ መራጮች ሕጉን አሻሽለው፣ ሦስተኛውም ወንጀል በመርሕ ደረጃ ከባድ ወይም የኃይል ድርጊት ያለበት እንዲሆን አደረጉ።

የእኛ ሕግ እንዲህ አይቆጥርም። ተራ ስርቆት በአንቀጽ 665 እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ደጋጋሚው ከዚህ በላይ ሊፈረድበት ቢችልም፣ ለሁሉም ወንጀሎች በሚሠራው የሕጉ ጠቅላላ ክፍል የተወሰነው የጽኑ እስራት ጣሪያ 25 ዓመት ስለሆነ፣ በመደጋገሙ ብቻ ስርቆቱ ወደ ዕድሜ ልክ አይለወጥም። በእኔ አስተያየት ይህ የተሻለ ነው፤ ከቁጥሩ ይልቅ የሰውየውን ሁኔታ ዳኛው ይመዝነዋልና። ወንጀልን ልማዱ ወይም ሙያው ያደረገ ሰው ደግሞ በአንቀጽ 84 መሠረት ይኸው አመሉ ራሱን ችሎ ቅጣት ማክበጃ ይሆንበታል።

ሌላም መደባለቅ አለ። በገበያ ቀን ከአሥር ሰው ኪስ አሥር ስልክ አውጥቶ የተያዘ፣ ከዚያ በፊት ግን ታስሮ የማያውቅ ሰው፣ አሥር ጊዜ ቢሰርቅም ደጋጋሚ አይደለም፤ የእርሱ ጉዳይ የሚታየው በተደራራቢ ወንጀሎች ድንጋጌ ነው። ታንኳው አንድ ጊዜ ገብቶ ብዙ ውኃ ጠጣ እንጂ ሳይደርቅ አልተመለሰም።

ቅጣቱን ጨርሶ በመልካም ጠባይ የኖረ ሰውስ? ጽኑ እስራት ከነበረ ቢያንስ ከአምስት ዓመት፣ በሌሎቹ ከሁለት ዓመት በኋላ መሰየምን፣ ማለትም ወደ ቀድሞ መብቱና መልካም ስሙ መመለስን፣ ከፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ከተፈቀደለትም ፍርዱ ከመዝገቡ ይሰረዛል፤ ማመልከቻው እንዴት እንደሚጻፍ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እናያለን።