ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ፦ ሮናልዶ ቀድሞት ጎል ያገባበት ተከላካይ ብቻ አይደለም

ዩሮ 2012 (የአውሮፓ ዋንጫ) ሩብ ፍፃሜ፣ ዋርሶ፣ 79ኛው ደቂቃ ላይ ነን። የፖርቹጋሉ ሞውቲንሆ ከቀኝ ያሻማል፣ ሮናልዶ ከኋላ ተወርውሮ ይመጣና በግንባሩ ያስቆጥራል፣ ፖርቹጋል 1 ቼክ 0። እስቲ እዚህ ጋ ቪዲዮውን እናቁመው። ሮናልዶ የቀደመውን ልጅ ማሊያ አያችሁት? ገብረ ሥላሴ ይላል።

አዎ የኛው ስም ነው። ቴዎዶር በ1986 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ትሬቢች የምትባል የቼክ ከተማ ተወለደ፣ አባቱ ቼኮዝሎቫኪያ ሄዶ ህክምና የተማረ ኢትዮጵያዊ ነው፣ እናቱ ቼክ ናት፣ እህቱ አና ደግሞ ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የእጅ ኳስ ተጫውታለች፣ በቃ የስፖርት ቤት ነው።

አሁን ወደ ጎሉ። ኳሱ የመጣው ከተቃራኒው መስመር ስለሆነ የቀኝ ተከላካዩ ቴዎዶር ሁለተኛው ቋሚ አካባቢ ሆኖ ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው፣ ሮናልዶ ደግሞ ሆን ብሎ ከጀርባው ተደብቆ ይቆይና ኳሱ ሲለቀቅ በፊቱ ሰብሮ ይገባል፣ ቴዎዶር ዞር ብሎ ሰውየውን ልይ ቢል ኳሱ ያመልጠዋል፣ ኳሱን ካየ ሰውየው ያመልጠዋል። ግማሽ እርምጃ ዘግይቷል፣ እሱን አልክድም። ግን ሮናልዶ በዛ ምሽት ከጎሉ በፊት ሁለቴ ቋሚ መትቶ ነበር እኮ።

እና ደግሞ ቼክ እዛ የደረሰችው በተአምር ነው፣ በመጀመሪያው ጨዋታ በሩሲያ 4ለ1 ተቀጥቅጣ ግሪክንና ፖላንድን አሸንፋ በአንድ የጎል እዳ ምድቧን በአንደኝነት ጨረሰች። የሩሲያው ጨዋታ ላይ ደጋፊዎች ቴዎዶር ላይ የዝንጀሮ ድምፅ አሰምተዋል ተብሎ ዩኤፋ ምርመራ ከፍቷል። በ2011 ከፔሩ ጋር ሲሰለፍ ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኖ ነበርና ሸክሙ ቀላል አልነበረም።

መንገዱም አልጋ በአልጋ አይደለም። በቼክ ክለቦች ከይህላቫ ተነስቶ ስላቪያ ፕራግ ገባ፣ እዛ ብዙም ዕድል አላገኘም፣ ሊቤሬትስ ነው ያበራው፣ በ2012 በአሰልጣኝ ሺልሃቪ የቼክን ሊግ በሉ፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ፕልዘንን 0ለ0 ይዘው ዋንጫውን አነሱ። ከዩሮው በኋላ የጀርመኑ ክለብ ቨርደር ብሬመን ወሰደው።

ብሬመን እንደገባ ገና በመጀመሪያው የቡንደስሊጋ (የጀርመን ሊግ) ጨዋታው፣ ያውም የወቅቱ መክፈቻ ላይ፣ ሻምፒዮኑ ዶርትመንድ ሜዳ ሄዶ የአቻነቷን ጎል በግንባሩ አገባ! ጨዋታውን የዶርትመንዱ ጎትዘ በኋላ 2ለ1 ጨረሰው እንጂ። የሰውየው ትልቁ መሳሪያ እሱ ነው፣ ኮርና ሲመታ ወይም ከግራ ሲሻማ ሳይታሰብ ከኋላ ዘልቆ ይመጣና ይገጫል (ልክ ሮናልዶ እሱን እንደሰራው ማለት ነው ሃሃ)።

ብሬመን 9 ሲዝን ቆየ። ያ ዘመን የዋንጫ ዘመን አይደለም፣ በ2016 በመጨረሻው ቀን ፍራንክፈርትን 1ለ0 አሸንፈው ተረፉ፣ በ2020 ከሃይደንሃይም ጋር ባደረጉት የመውረድ ማጣሪያ ለጥቂት ነው ያመለጡት፣ በ2021 ግን ወረዱ። አሰልጣኝ ይመጣል ይሄዳል፣ ቀኝ መስመር ላይ ግን እሱ አለ። ለኔ አንድ የዩሮ ቅጽበት ከዚህ ሁሉ ጋር አይመዘንም። ለብሔራዊ ቡድንም 54 ጊዜ ተሰልፏል፣ ዩሮ 2016 ስብስብ ውስጥም ነበረ።

ከብሬመን ሲወጣ 34 ዓመቱ ነበር፣ ብዙዎች በዛ ዕድሜ ገንዘቡ ወዳለበት ሲሄዱ እሱ ዋንጫ ወደበላበት ሊቤሬትስ ተመልሶ ሲጫወት ቆየ።