ዜሮዋ መንገድ ላይ ወደቀች

የተከበራችሁ መምህራንና ተመራማሪዎች፣ ውድ ተማሪዎች፣ ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁልን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

አዘጋጆቹ "በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጋራ ምርምር ፋይዳው እንዴት ይለካል?" የሚል ርዕስ ሲሰጡኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ጽሑፍ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጀሪካን የሚቀመጥ የመጠጥ ውሃን በክሎሪን ስለማከም አንድ ጽሑፍ አሳትሜ ነበር። እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ ተጠቅሷል። አንዱን የጠቀስኩት እኔው ነኝ። አትሳቁ፣ እናንተም ታደርጉታላችሁ።

ከዚያ አንድ ተማሪዬ ጽሑፉን በአማርኛ አሳጥሮ፣ የቢጫ ጀሪካን ፎቶ ጨምሮ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ከሥሩ ካለችው የዓይን ምልክት ጎን ያለው ቁጥር በሳምንቱ ሺዎችን አለፈ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሌሊት እየነቃሁ ሁሉ አየው ነበር።

ወር ሳይሞላ መልእክቱ ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ መጣ። የላከችልኝ ጅዳ ያለችው አክስቴ ናት። "አንተ የውሃ ነገር አይደል የምትሠራው? እስቲ ይቺን አንብባት" ትላለች። ስሜ የለም። የመጽሔቱ ስም የለም። ሊንክ የለም። እሱስ ይሁን። እኔ ግን ክሎሪኑ ከተጨመረ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቅ ነበር ያልኩት። አክስቴ ጋ የደረሰው "3 ደቂቃ" ይላል። ዜሮዋ መንገድ ላይ ወድቃለች።

እንግዲህ ያ ሌሊት እየነቃሁ የማየው ቁጥር ምኑን ነው የለካልኝ?

የእኛ ሚዛን ለረጅም ጊዜ ሳይቴሽን፣ ማለትም አንድ ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ፣ ነበር። ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1964 የሳይንስ ጥቅስ ማውጫውን አወጣ፤ ቆይቶም የአንድ መጽሔት ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚለካው ኢምፓክት ፋክተር መጣ፤ እኛም ለደረጃ እድገት እሱኑ ስንቆጥር ኖርን። ችግሩ አንድ ጽሑፍ እስኪጠቀስ ዓመታት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጄሰን ፕሪም የተባለ የዶክትሬት ተማሪ "አልትሜትሪክስ" የሚል ቃል ትዊተር ላይ ጻፈ። ሰው ስለ ምርምር ኢንተርኔት ላይ የሚያወራውንም እንቁጠር ነው ነገሩ። በዓመቱ ጉንተር አይዘንባክ የተባለ ተመራማሪ ብዙ ትዊት የተደረገላቸው ጽሑፎች ኋላ በብዛት የመጠቀስ ዕድላቸው 11 እጥፍ መሆኑን አሳተመ። ያጠናውም ያሳተመበትም መጽሔት ራሱ የሚያዘጋጀው መሆኑን ግን ልብ በሉልኝ።

ቆጣሪው ደግሞ ሙገሳና ስድብ አይለይም። ግንቦት 2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣውን፣ ለኮቪድ ሕክምና ይሞከር ስለነበረው ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለ መድኃኒት የሚያወራውን ጽሑፍ አስታውሱ። ዓለም አወራለት። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ በመድኃኒቱ የጀመረውን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። መረጃው ሊረጋገጥ ስላልቻለ ጽሑፉ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተሰረዘ። በወሬ ብዛት ቢሆን የዓመቱ ጀግና ነበር።

ለእኛ ግን ከዚህም የባሰ ነገር አለ። እነዚህ ቆጣሪዎች የሚያድኑት ሊንክና የጽሑፉን መለያ ቁጥር ነው። እኛ የምንለዋወጠው ፒዲኤፍ፣ ስክሪንሾትና የድምፅ መልእክት ነው። ስለዚህ የአክስቴ መልእክት በማንም መዝገብ የለም። ሚዛኑም ቢሆን የሰው ሱቅ ውስጥ ነው ያለው። ኤክስ፣ የድሮው ትዊተር፣ በ2023 መረጃውን በገንዘብ አደረገው። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ደግሞ ተመራማሪዎች የልጥፎችን ስርጭት ለመከታተል ይጠቀሙበት የነበረውን ክራውድታንግል የተባለ መሣሪያ በነሐሴ 2024 ዘጋው።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ ሁልጊዜ የሚመጡብኝ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቀንድ አውጣዎቹ የበሽታው አስተላላፊዎች ናቸው። እንዶድ ያደረገው ነገር የታየው ልብስ ማጠቢያው ላይ አይደለም፤ ወረድ ብሎ ነው።

እኛም ወረድ ብለን እንይ። የዓይን ምልክቷ ማጠቢያው ላይ ያለች ናት። በትምህርት ክፍላችን ያሰብነው ይህን ነው፦ የአማርኛውን ማጠቃለያ ጸሐፊው ራሱ ይጻፈው፣ ቁጥሮቹን በፊደልም ይጻፋቸው። "ሠላሳ ደቂቃ" ተብሎ ከተጻፈ ዜሮ አይወድቅም። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ እዚህ ከተቀመጡት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ጋር ቤት ለቤት እንሄዳለን። "ክሎሪን ከጨመራችሁ በኋላ ስንት ትጠብቃላችሁ? ከማን ሰማችሁ?" ብለን እንጠይቃለን። አድካሚ ነው። በጀትም ይፈልጋል፤ ዲኑ እዚህ ስላሉ ነው ጮክ ብዬ የምናገረው።

አክስቴንማ ያኔውኑ ደወልኩላት። "ውይ፣ ሠላሳ ነው እንዴ? እኔማ ለዕድሩ ሁሉ ልኬዋለሁ" አለችኝ። እርማቱን ጽፌ ላኩላት፤ እሷም በተነችው። ባለፈው ሳምንት መልእክቱ ከሌላ ዘመድ ደግሞ መጣልኝ። አሁንም 3 ደቂቃ ነው የሚለው።

አመሰግናለሁ።