ያቺ ቀይ መስመር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፤ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። መብራት ስለጠፋ በስልኬ ነው የምቀዳው። ባትሪው 20 በመቶ ላይ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አላንዛዛም።

ካዛንቺስ አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበርኩ። የትኛው እንደሆነ ይቅር፤ የማወራው ስለ ራሴ ጥፋት ነው።

ስሾም በጣም የኮራሁት በበሩ ነበር። ሁለት ሰዓት ሲል ይዘጋል፣ አለቀ። ያረፈደ ተማሪ የመጀመሪያው ፔሬድ እስኪያልቅ ውጭ ይቆማል። ሱፐርቫይዘሮች ሲመጡ "እዚህስ ሥርዓት አለ" ይሉኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። የልጆች ደህንነት ማለት በር ጠርቅሞ መዝጋት ይመስለኝ ነበር።

በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ብዙ ቤተሰብ ገላን ጉራ ገባ። አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው፣ የከተማው ዳር። የኛ 12ኛ ክፍሎች አንዳንዶቹ "ማትሪክ እስክንፈተን እዚሁ እንጨርስ" ብለው ቀሩ። ሌሊት ተነስተው አውቶቡስ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ በሩን እዘጋባቸዋለሁ።

አንድ ቀን ክፍለ ከተማ ስብሰባ ነበረኝና ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ውጭ ወደ 15 ልጆች ቆመዋል። አንዷ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ አጥሩ ላይ ተለጥፋለች። ሁለት የሰፈር ጎረምሶች ከበዋታል፤ አንዱ የቦርሳዋን ማንገቻ ይዞ ይስቃል። አልጮኸችም። የምታየው በሩን ነው።

ጎረምሶቹ እኔን ሲያዩ ላጥ አሉ። "ለምን አልነገርሽንም?" አልኳት።

"ቲቸር፣ አርፍጄ ነበራ" አለችኝ።

ዘበኛውን ጠየቅኳቸው። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር የዛሬ ብቻ ነው?"

"ኧረ በየቀኑ ነው ዳይሬክተር። እንዳልከፍት ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት" አሉኝ። እሳቸውም ይፈሩኝ ነበር ለካ።

መምህራኑስ? መምህር የሆናችሁ ያቺን ቀይ መስመር ታውቋታላችሁ። የፊርማ ወረቀቱ ላይ ሰዓቱ ሲሞላ በቀይ እስክሪብቶ የምትሰመረውን። አንድ መምህር ሦስት ቀን በተከታታይ ከመስመሩ በታች ፈረመ። በሦስተኛው ቀን ስታፍ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "የአባትህ ቤት አደረግከው እንዴ?" አልኩት። ዝም አለ፣ ጠመኔውን ይዞ ወጣ።

ትንሽ ቆይቼ በክፍሉ በኩል ሳልፍ ስድስት ልጆች በሩ ላይ ተንበርክከዋል። ከውስጥ ድምፁ ይሰማኛል፤ "የአባታችሁ ቤት አደረጋችሁት እንዴ?"

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ስብሰባ ላይ ለመምህራኑ ያነበብኩላቸው እኔው ነኝ። ጠርቼ ልቆጣው ነበር፤ ግን በምን አፌ? ልጆቹን አስነሳኋቸውና ወደ ቢሮዬ ሄድኩ። የአባቱ ቤት ከፈረሰ ገና ሁለት ሳምንቱ እንደሆነ የሰማሁት በኋላ ነው፣ ያውም ከሻይ ቤቷ ሴትዮ።

ይቅርታ ጠየቅኩት። እዚያው ስታፍ ውስጥ፣ በሰደብኩበት ቦታ። ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም፤ ምላሴ ተሳስሮ ነበር። እሱም "ችግር የለውም" አለ። ችግርማ ነበረው። እስኪቀርበኝ ወራት ፈጀ።

ከዚያ ወዲህ አርፋጅ ይገባል፣ ስሙንና ምክንያቱን ያስመዘግባል፣ ክፍሉ ይሄዳል። አንዳንድ መምህራን "ሥርዓቱ ፈረሰ" አሉ። እውነታቸውንም ነው፤ እዚሁ አጥሩ ጥግ እየኖሩ ሦስት ሰዓት የሚመጡ ተገኙ። የእነሱን ወላጆች ጠራን። ቀይ መስመሯም አልቀረችም። ጥያቄ ካለኝ ግን ቢሮዬ አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ እጠይቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ከዘበኛው ጋር ከበሩ ውጭ መቆምም ጀመርኩ። በዚያ ብርድ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ወደ ሚያዝያ ገደማ ያቺ ልጅ ቢሮዬን አንኳኳች። ሦስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

"ቲቸር፣ ዛሬም አርፍጃለሁ። ግን የሆነ ነገር ልነግርዎት ነው" አለች።

ወንበር ሳብኩላት።

በሉ፣ ስልኬ ሊዘጋ ነው። ደህና ሁኑልኝ።