ኮሚቱን ሳይነኩ ማስታወሻ ማያያዝ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ እንኳን ወደ አራት ኪሎ በደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምናየው የኮድ ለውጦችን ታሪክ በሚመዘግበው ጊት ውስጥ ኮሚት ላይ፣ ማለትም በተመዘገበ አንድ ለውጥ ላይ፣ ማስታወሻ እንዴት እንደሚያያዝ ነው። የኢትዮጵያን ቀን አቆጣጠር የሚያሰላ ፕሮግራም ላይ የገባ አንድ ኮሚት እንውሰድ። መልእክቱ «የጳጉሜ ስሌት ተስተካክሏል» ይላል። ቆየት ብሎ ቴስተሩ «በጳጉሜ 6 ቀን 2015 ተሞክሮ አልፏል» ብሎ ሊጨምርበት ፈለገ። የት ይጻፈው? መልእክቱን ካረመ የኮሚቱ ሃሽ፣ ማለትም ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣው መለያው፣ ይቀየራል፤ ሃሹ ከፋይሎቹ፣ ከወላጅ ኮሚቱ፣ ከጸሐፊው ስምና ከመልእክቱ ጭምር ነው የሚሰላው። ከዚያ ወዲህ የተደረደሩት ኮሚቶችም አብረው ይቀየራሉ፤ ቀድሞ የወሰደ ባልደረባ ታሪኩ አይገጥምለትም።

ስለዚህ ማስታወሻው ከኮሚቱ ውጭ ይቀመጥ። ጊትም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ «ሬፍስ፣ ኖትስ፣ ኮሚትስ» በሚል አድራሻ የራሱ ታሪክ ያለው ሌላ መስመር ይይዛል። እዚያ የፋይሉ ስም ባለ 40 ቁምፊው የኮሚቱ ሃሽ ነው፤ ይዘቱ ማስታወሻው። ማስታወሻ ሲበዛ ፍለጋው እንዳይንቀራፈፍ የመጀመሪያዎቹ 2 ቁምፊዎች ፎልደር፣ ቀሪዎቹ 38 የፋይል ስም ይሆናሉ። ኔት ሲጠፋም ማስታወሻው ላፕቶፓችን ላይ ይነበባል፤ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማስቀመጡ ይህን ያህል አያስቸግርም። ችግሩ ማጓጓዙ ላይ ይመጣል። ወደ ሰርቨር የሚልከው ተራ ፑሽና ከሰርቨር የሚያመጣው ተራ ፌች ማስታወሻ አይወስዱም፣ ስህተትም አያሳዩም፤ ቴስተሩ ጽፎ ሌላው ምንም አያይም። የጊት ቅንብር በሚጻፍበት ኮንፊግ ፋይል ላይ የማስታወሻዎቹ አድራሻ በግልጽ መጨመር አለበት። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፦ ፊቱ ላይ የመደመር ምልክት ያለው መስመር «በግድ ተካ» ማለት ነው፤ ገና ያልላካችሁትን ማስታወሻ ከሰርቨር በመጣው ይተካባችኋል። የሰርቨሩን በሌላ ስም ተቀብላችሁ ከራሳችሁ ጋር መርጅ አድርጉት፣ ማለትም አዋህዱት። ሁለት ሰው አንድ ኮሚት ላይ ጽፎ ከተጋጨ፣ ዩኒየን የሚባለው ስልት የሁለቱንም ጽሑፍ ያስቀራል።

ከሁሉ የሚከብደው ሪቤዝ፣ ማለትም ኮሚቶችን በሌላ መሠረት ላይ እንደገና መደርደር፣ ነው። ኮሚቱ አዲስ ሃሽ ሲያገኝ ማስታወሻው አሮጌው ላይ ይቀራል፤ ጊት «ኖትስ ሪራይት ሬፍ» የሚለው ቅንብር ካልተሞላ ወደ አዲሱ አይገለብጠውም። ሁሌም ይገለበጥ እንዳንል፣ «ተሞክሮ አልፏል» የሚለው ቃል ማንም ወዳልሞከረው ኮድ ይሻገራል፤ ይህ ከመጥፋቱ የባሰ ነው። ለውጡ ለምን እንደተደረገ የሚያስረዳ ማስታወሻ ግን ቢሻገር ጉዳት የለውም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ አድራሻ አታስቀምጡ፦ ለማብራሪያ አንድ፣ ለቴስት ውጤት ሌላ ክፈቱ፤ ቅንብሩ ላይ የማብራሪያውን ብቻ ሙሉ። ከሪቤዝ በኋላ ቴስተሩ እንደገና ሞክሮ እንደገና ይጻፍ።